ዳማዋ በቅሎ ፍርድ ቤት ቀረበች

ሞቱማ ሐምሌ 1963 ዓ.ም. ከሕግ ፋኩልቲ ሲመረቅ እናቱ ገለቴ ከሱሉልታ መጥታ የተሰጠውን ወረቀት ግራ ቀኝ ዳበሰችና፣ "ይሄ ብቻ ነው?" አለች። እሷ ማንበብ አትችልም፣ እሱ ማየት አይችልም፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል ከሁለቱ አንዳቸውም አላወቁም።

"ይሄ ብቻ አይደለም፣ እማዬ" አላት።

እውነቱን ነበር። በራሱ ስም ችሎት ለመቆም ከነባር ጠበቃ ሥር ስድስት ወር መለማመድ፣ ከዚያም "ተለማምዷል፣ ይችላል" የሚል ምስክርነት ማምጣት ነበረበት።

ዓይኑን ፈንጣጣ የወሰደው የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ያደገው ሰበታ፣ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የሕግ መጻሕፍቱን ጓደኞቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡለት እሱ በብሬል ነጥብ በነጥብ እየወጋ ገለበጣቸው። የሽያጭ ውል ክፍል ብቻ እንደ ጤፍ ከረጢት ከበደ። በማዕረግ ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣ፤ በምላስ ግን የሚቀድመው አልነበረም። አንድ የውጭ አገር መምህር "ሰሌዳው ላይ እንደምታዩት" ባለ ቁጥር ሞቱማ ከኋላ ወንበር፣ "በጣም ግልጽ ነው!" ይል ነበር።

ልምምድ ፍለጋ አዲስ አበባ ውስጥ የዘጠኝ ጠበቆችን በር አንኳኳ። ሁሉም አከበሩት፣ ሁሉም ወንበር ሳቡለት፣ ሁሉም እስከ በር ሸኙት። አንዱ "ቢሯችን ደረጃ ይበዛበታል" አለው፤ ይህን ሲሰማ ሞቱማ ያንኑ ደረጃ ወጥቶ ፊቱ ተቀምጦ ነበር። ሌላው "የእጅ ጽሑፌ ደቃቅ ነው፣ ዓይን ያስቸግራል" አለው። ዘጠነኛው እንዲያውም አልቅሶ ሸኘው።

አሥረኛው ሳይጠየቁ ራሳቸው ላኩበት። ግራዝማች ዳኜ ይባላሉ፤ የሰበታ ጠበቃ ናቸው። ግራዝማችነቱን ማን እንደሰጣቸው የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም። "ያ የተማረው ዕውር ልጅ ይምጣ" የሚል ቃል ነበር የላኩት። ሞቱማ "ዕውር" የምትለዋን ቃል ሰምቶ ደስ አለው። ዘጠኙ ጠበቆች ያችን ቃል ላለማለት ሲጨነቁ ሥራ ሳይሰጡት ቀርተዋል።

የግራዝማች ቢሮ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጋር የተለጠፈች አንዲት ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ የጽሕፈት መኪና አሉባት። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ስለ ማስነጠስ ነበር።

"ባላጋራህ ዋናውን ነገር ሊናገር ሲል" አሉ ግራዝማች ሱረታቸውን በአፍንጫቸው እየሳቡ፣ "ታስነጥሳለህ። ዳኛው 'ይማርህ' ይልሃል። አንተ 'ያኑርዎ' ትላለህ። ባላጋራህ ከየት ላይ እንዳቆመ ይጠፋዋል። ይህን ፋኩልቲው አስተምሮሃል?"

"አላስተማረኝም።"

"ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?"

በሁለተኛው ሳምንት ደንበኛ የሚዋሸው ለባላጋራው ሳይሆን ለገዛ ጠበቃው መሆኑን ተማረ። በሦስተኛው ሳምንት የኦቦ ቀጄላ ጉዳይ መጣ።

ኦቦ ቀጄላ የቡራዩ ሰው ናቸው፤ በቅሎ አሠልጥነው ይሸጣሉ። ከአምስት ወር በፊት ሰበታ ገበያ ላይ አንዲት ዳማ በቅሎ ለወይዘሮ ተረፈች ሸጠዋል። ወይዘሮ ተረፈች ዓለም ገና ላይ ጠጅ ቤት ያላት፣ ማር ለመግዛት እስከ መናገሻ የምትወጣ ሴት ናት። በገዛቻት በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ከመናገሻ ስትመለስ መንገዱን አሳጥሬ በወንዝ ልሻገር አለችና፣ በቅሎዋ ከነሴትዮዋ ገደል ገባች። በቅሎዋ ተነሣች፤ የተረፈች ክንድ ግን ተሰበረ። ክንዷን ያሰረላት ወጌሻ በቅሎዋንም ዞር ብሎ አያትና፣ "የዚች እንስሳ ግራ ዓይን ሞራ ለብሷል" አላት። ተረፈች በማግስቱ በቅሎዋን ቡራዩ ድረስ አስነድታ ኦቦ ቀጄላ በር ላይ አሳሰረቻት። ከዚያ፣ "አንድ ዓይና በቅሎ ሸጦልኛልና ሽያጩ ይፍረስልኝ" ብላ ከሰሰች።

"ይህን ክርክር በእኔ ስም አንተ ትቆማለህ" አሉት ግራዝማች ሞቱማን።

ሞቱማ የሰማውን አላመነም። አብረውት የተመረቁት አዲስ አበባ ውስጥ የጠበቃ ቦርሳ ተሸክመው ይዞራሉ፤ እሱ በሦስተኛ ሳምንቱ ሙሉ ክርክር ተሰጠው! ደስታውን ለመደበቅ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲያው በቅሎዋን ሳልመረምር አልቆምም።"

ግራዝማች እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። "ሂድ፣ ሂድና እያት!" አሉት።

ሞቱማ ከሰበታ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ወደ አምቦ መንገድ ወጥቶ ቡራዩ ወረደ። ኦቦ ቀጄላ መንገድ ዳር ጠብቀው፣ "አካም ጅርታ፣ ኢልመ ኮ! እንደምን ነህ፣ ልጄ!" ብለው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። የሱሉልታ ልጅ መሆኑን ሲሰሙ አማርኛውን እርግፍ አድርገው ትተው በኦሮምኛ ያወሩት ጀመር። የአባቱን ስም ጠየቁት፤ የአጎቱን በሬ ያውቁት ኖሯል።

"ግራዝማች 'ዕውር ጠበቃ ላመጣልህ ነው፣ አይዞህ' ያሉኝ አንተን ነዋ!" አሉ በመሃሉ።

ሞቱማ ቆመ። "መቼ ነው እንዲህ ያሉዎት?"

"ክሱ እንደደረሰኝ ነው። 'ሰበታ ያደገ፣ ሕግ የተማረ ዕውር አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ አፈላልጌ አስመጣዋለሁ። እሱ ተነሥቶ የዓይን ጉድለት ጉድለት አይደለም ካለ የትኛው ዳኛ ደፍሮ ጉድለት ነው ይለዋል?' አሉኝ። ብልህ ሰው ናቸው።"

ሞቱማ ጆሮው እስኪግል ድረስ ተናደደ። ተመልሶ አውቶቡስ ሊሳፈር ዳድቶት ነበር፤ ግን ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለበቅሎዋ ነውና፣ "የታለች?" አለ።

ጉረኖው ውስጥ ሁለት በቅሎዎች ነበሩ። ሞቱማ መጀመሪያ የዳማዋን አንገት ዳበሰ፣ እጁን ወደ ላይ ወስዶ ጆሮዎቿን ነካ። ጆሮዎቿ አንዱ ወደ እሱ፣ አንዱ ወደ ኦቦ ቀጄላ፣ ለየብቻቸው ሲዞሩ ተሰማው። ኦቦ ቀጄላ እግራቸውን ባነሡ ቁጥር አንደኛው ጆሮ አብሯቸው ይሄዳል። ሞቱማ መዳፉን ቀስ አድርጎ፣ ነፋስ ሳያስነሣ፣ ወደ ግራ ዓይኗ አስጠጋ፤ ሽፋሽፍቷ እስኪነካው ድረስ ዝም አለች። እንግዲህ ይህ የተከሰሱበት ዓይን ነው። ወደ ቀኙ ዞረ። የቀኙም ሽፋሽፍት መዳፉን እስኪነካው ድረስ አልተርገበገበም። ወደ ሁለተኛዋ በቅሎ ሄዶ ያንኑ ቢያደርግ፣ እጁ ገና ክንድ ሲቀረው ራሷን ወርውራ ልትነክሰው ምንም አልቀራትም።

"ኦቦ ቀጄላ" አለ ሞቱማ፣ "ክሱ የሚለው አንድ ዓይን ነው።"

ኦቦ ቀጄላ በሳቅ ፈነዱ።

"አሃ! ወንድሟን አገኘች!"

"ሁለቱም ነው አይደል?"

"ሁለቱም ነው። ውርንጭላ ሳለች በበሽታ ታወረች። ቀኙ ጥርት ያለ ስለሚመስል ሰው አያውቅባትም። ልጥላት አሰብኩና አሳዘነችኝ። መንገዱን አስተማርኳት፤ ከዚህ መናገሻ፣ ከመናገሻ ሰበታ፣ ከሰበታ ዓለም ገና። ስድስት ዓመት ሄደችበት። አንድ ቀን አልተደናቀፈችም።"

"እና ሸጧት።"

"የሸጥኩት ጠይቄ ነው!" አሉ ኦቦ ቀጄላ ቅር ብሏቸው። "ሴትዮዋን 'በየት በየት ትሄጃለሽ?' አልኳት። 'መናገሻ፣ ሰበታ፣ ዓለም ገና' አለችኝ። ከዚህች በቅሎ የተሻለ ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው እንኳ የለም። ከመንገዱ አውጪያት አልኳት እንዴ?"

ሞቱማ ሳቁ መጣበት፤ ግን ንዴቱም ገና አልበረደለትም። ዩኒቨርሲቲ ሳለ እሱም ከማደሪያው እስከ ክፍሉ ያለውን መንገድ በእርምጃ ቆጥሮ ይዞ ያለ ዱላ ይሄድበት ነበር። አዲስ የመጡ ተማሪዎች ዓይነ ስውር መሆኑን ሳያውቁ ሳምንት ይቆያሉ። አንድ ቀን ሠራተኞች ቦይ ቆፍረውበት ኖሮ በአዲስ ሱፉ ገባበት። ይህን ለኦቦ ቀጄላ አልነገራቸውም።

"ለማንም እንዳትናገር" አሉት ሲሸኙት።

"ደንበኛ ለጠበቃው የነገረው አይወጣም" አለ ሞቱማ። ይህን ፋኩልቲው አስተምሮታል።

ሰበታ እንደተመለሰ በቀጥታ ወደ ግራዝማች ቢሮ ገባ።

"ግራዝማች፣ ስለ በቅሎዋ የማውቀው አለ..."

"ቆይ!" አሉ ግራዝማች። ወንበራቸው ሲንቋቋ፣ ሁለት መዳፍ ጆሮ ላይ ልጥፍ ሲል ሰማ። "አትንገረኝ! ከነገርከኝ በኋላ የምናገረው ውሸት ይሆናል። ካልነገርከኝ ክርክር ነው።"

"ደንበኛችን የነገሩኝን ነው እኮ..."

"አልሰማሁም! አልሰማህም! ሁለተኛ እንዳታነሣው!"

ሞቱማ ተቀመጠ። ግራዝማች እጃቸውን ከጆሯቸው እስኪያወርዱ ጠበቀና፣ "እንግዲያው ሌላ ነገር ልጠይቅዎ" አለ። "እዚህ ያመጡኝ ዓይኔን ለዳኛው ሊያሳዩት ነው?"

ግራዝማች አላፈሩም። "አዎ" አሉ።

"እኔ ሕግ ተምሬያለሁ።"

"ሕግ የተማረ ሞልቷል። ስማኝ፤ እኔ ችሎት ስገባ ካባ የምደርበው ለምንድን ነው? ብርድ ነው? የምመረኮዘውስ እግሬ ታሞ ነው? ዳኛው ሽማግሌ አባቱን እንዲያስብ ነው። ጠበቃ ያለውን ሁሉ ይዞ ይቆማል። አንተ ያለህ ይህ ነው። ሳትጠቀምበት ብትቀር የተዋጣልህ ጅል ነህ።"

"ስለ ዓይኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም።"

"ማን ተናገር አለህ?" አሉ ግራዝማች በደስታ። "ቁም ብቻ። መታየትህ ይበቃል።"

ሞቱማ ሁለት ቀን ኩርፊያ ላይ ቆየ። ክርክሩን ልተወው ቢል፣ ሌላ የሚያለማምደው ጠበቃ የለም፤ ኦቦ ቀጄላም ምስጢራቸውን ሰጥተውታል። ልቁም ቢል፣ እንደ ግራዝማች ካባ መቆም ነው። በመጨረሻ ግራዝማች ያመጡበት ምክንያት ምንም ቢሆን፣ አንዴ ከቆመ በኋላ አፉ የራሱ መሆኑን አሰበና የሽያጭ ውል ክፍሉን ከሻንጣው አወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ችሎቱ ሞላ። ዕውር ጠበቃ ስለ አንድ ዓይና በቅሎ ሊከራከር ነው የሚለው ወሬ ከገበያው ቀድሞ ተዳርሷል። ኦቦ ቀጄላ ከቡራዩ የመጡት በዚያችው በዳማዋ ላይ ነበር፤ አምጥተው ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፍ ጋር አሰሯት።

ዳኛ አለሙ ሩኅሩኅ ሰው ነበሩ፤ ይህም ዳኝነታቸው ላይ ብዙ ችግር አምጥቶባቸዋል። ሞቱማ ሲነሣ ወንበራቸው ሲጥ ብሎ፣ "እግዚኦ" ሲሉ ከነትንፋሻቸው ተሰማ።

"ልጄ፣ ተቀምጠህ ተናገር።"

"ክቡር ዳኛ፣ የታወረው ዓይኔ ነው፤ እግሬ ደህና ነው።"

ሰዉ ሳቀ። ግራዝማች ከጎኑ፣ "አታበላሽ" ብለው በሹክሹክታ ቆነጠጡት።

ሞቱማ ክርክሩን ጀመረ። "ሕጉ ገዢ የገዛውን ነገር ይመርምር ይላል። ሻጭ የሚጠየቀው ለተሰወረ ጉድለት ነው። ሞራ ነጭ ነው፤ የሚወጣውም ዓይን ላይ ነው፤ ዓይን ደግሞ ፊት ላይ ነው። ወይዘሮ ተረፈች፣ በቅሎዋን ሲገዙ ፊቷን አላዩም?"

ተረፈች ጠበቃ አላቆመችም፤ የተሰበረ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ ራሷ ነበር የቆመችው። ድምፅዋ ጠጅ ቤት ሙሉ ሰው ዝም የሚያሰኝ ነበር።

"ግራ ጎኗን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ ነዋ ያሳየኝ!"

"ግድግዳው ሦስት ወር ሙሉ አብሮዎት ነበር?"

"ምን?"

"በሦስት ወር ውስጥ አንድ ቀን ፊት ለፊቷ አልቆሙም?"

"እኔ ጀርባዋ ላይ ነኝ እንጂ ፊቷ ጋ ምን አለኝ? ገብስ የሚሰጣት ሠራተኛ አለ።"

"በእነዚህ ሦስት ወራት ስንት ጊዜ ተደናቀፈች?"

ተረፈች ትንሽ አሰበች። ክፉ ብትሆንም ቀጥተኛ ነበረች። "አንድም ጊዜ።"

"የወደቁ ቀን መንገዱን ለቃ ወደ ወንዙ የወረደችው በራሷ ነው?"

"እኔ ሳብኳት።"

"እሺ ብላ ሄደች?"

"አሻፈረኝ አለች። መታኋት።"

ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ። ሞቱማ ልቡ ሞቀ፤ ክርክሩ እጁ ሊገባ ነው። ተረፈች ግን አልጨረሰችም።

"ክቡር ዳኛ፣ እርስዎ ከንፈርዎን ሲመጥጡ እያየሁ ነው። ይሄን ልጅ ፊቴ ያቆሙት ለምን እንደሆነ የማይገባኝ መስሏቸዋል? ልጁ ጎበዝ ነው። መንገዱን ባያይ ወድቆ የሚጎዳው ራሱ ነው፤ ሰው ጀርባው ላይ አይጫንም። በቅሎ ግን ሰው ትጭናለች። እኔ የማዝነው ለክንዴ ነው።"

ሞቱማ በዚያ ሳምንት ስለ ዓይኑ ሰው የተናገረው እውነት ይኸ ብቻ መሰለው፤ ባላጋራው ባትሆን እጇን በጨበጣት ነበር። ሆኖም ምን መመለስ እንዳለበት ገና ሳያስብ ግራዝማች ካባቸውን ሰብስበው ተነሡ።

"ክቡር ዳኛ! ምን ክርክር ያስፈልጋል! በቅሎዋ ደጅ ታስራለች። ግራ ዓይኗን ሞራ ቢይዘው ቀኙ እንደ አጥቢያ ኮከብ ነው! ወርደው ይዩልኝ!"

ሞቱማ የካባቸውን ጫፍ ይዞ ጎተተ። ግራዝማች እጁን መቱት። እንደገና ጎተተ። "ተው፣ አንተ ልጅ!" አሉ። ዳኛው ግን ዱሮም ከወንበሩ መነሣት ይወዱ ነበርና ወረዱ፤ ችሎቱም እንዳለ ተከትሏቸው ግቢው ውስጥ ፈሰሰ።

ኦቦ ቀጄላ ሮጠው የበቅሎዋን ልጓም ያዙ። ዳኛ አለሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው በቀኝ ዓይኗ ፊት ወዘወዙ። በቅሎዋ ራሷን ነቀነቀች።

"ታያለች" አሉ ዳኛው።

"እንደ ኮከብ!" አሉ ግራዝማች።

ዳኛው ዞረው በግራ በኩል፣ ሞራ በለበሰው ዓይን ፊት ወዘወዙ። በቅሎዋ ይህንንም ጊዜ ራሷን ነቀነቀች።

የተረፈች ድምፅ ግቢውን ሞላው።

"እልልል! ዓይኗ በራ! ጠበል ሳትነካ በራላት!"

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ኦቦ ቀጄላ የሠሩት ስሕተት ገና አልገባቸውም ነበር፤ ባርኔጣው በተወዘወዘ ቁጥር ልጓሙን በስውር እየሳቡ፣ የትኛው ዓይን መታመም እንዳለበት ረስተውታል።

"ልጓሙን ልቀቅ" አሉ ዳኛው።

ኦቦ ቀጄላ ለቀቁ። ባርኔጣው በግራ ተወዘወዘ፤ ምንም። በቀኝ ተወዘወዘ፤ ምንም። ዳኛው ጣታቸውን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጉ። በቅሎዋ በሰላም ቆማ ጆሮዋን ወደሚስቀው ሰው አዙራለች።

"ሁለቱም ጠፍቷል" አሉ ዳኛ አለሙ። ድምፃቸው ተቀየረ፤ ርኅራኄው አለቀ። "ግራዝማች፣ ይህን ያውቁ ነበር?"

"ክቡር ዳኛ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አልሰማሁም!"

"አንተስ፣ ልጄ?"

ሞቱማ የሰዉን ትንፋሽ ሰማ። ኦቦ ቀጄላ አጠገቡ ቆመው የሚሸቱት የበቅሎ ላብ ነበር። ሦስት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አላውቅም፣ ክቡር ዳኛ። ማን ይጠረጥረዋል? ዕውር ነው!

"ክቡር ዳኛ" አለ፣ "ደንበኛዬ ነገሩኝ ወይም አልነገሩኝም ብዬ ለማንም አልናገርም። ለእርስዎም ቢሆን።"

"የምጠይቅህ ዳኛ ነኝ!"

"አውቃለሁ። ይህን ብናገር ነገ የሚነግረኝ ሰው አይኖርም።"

"ችሎት ደፈርክ ብዬ እስር ቤት ልስደድህ?"

"እንዳሻዎ፤ ሰበታን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማውቃት፣ መንገዱ አይጠፋኝም።"

ዳኛው እንዳይስቁ አፋቸውን በባርኔጣቸው ያዙ። ተረፈች ጣልቃ ገባች። "ይተዉት፣ ክቡር ዳኛ። 'አላውቅም' ቢል ኖሮ አምነው ነበር። ዝም ሲል ነገረን እኮ!"

ሞቱማ ያን ጊዜ ነው የገባው። አፉን ዘግቶ ምስጢሩን የጠበቀ መስሎት፣ በዚያው በዝምታው አውጥቶታል። ይህንን ፋኩልቲውም ግራዝማችም አላስተማሩትም ነበር።

ፍርዱ ከሰዓት ሳይደርስ ተነበበ። ሽያጩ ፈረሰ፤ ኦቦ ቀጄላ ዋጋውን እንዲመልሱ፣ የወጌሻውንም እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። ሞቱማ ይቅርታ ለመጠየቅ ፈልጎ ግቢው ውስጥ አገኛቸው።

"ኦቦ ቀጄላ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"አንተ ምን አጠፋህ?" አሉ ልጓሙን እያሰሩ። "ልጓሙን የሳብኩት እኔ። ስድስት ዓመት አንድም ሰው አላወቀባትም፤ ዛሬ አገር አወቀ። ማንም አይገዛኝም እንግዲህ።" ዘልለው ጀርባዋ ላይ ወጡ። "ይሁን። እኔም እያረጀሁ ነው፤ ጠጥቼ ስመለስ መንገዱን የምታውቅ ታስፈልገኛለች።"

የኮቴዋ ድምፅ እኩል፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ ከግቢው ወጥቶ ወደ መናገሻ መንገድ ታጠፈ።

ግራዝማች ቢሮ ገብተው ሱረታቸውን እንደጨረሱ ጠረጴዛውን ደበደቡ። "አላውቅም ማለት ምን ይከብዳል? አንዲት ቃል!"

"ስለማውቅ ነዋ! እርስዎ ጆሮዎን ባይደፍኑ ኖሮ በቅሎዋን ለዳኛ አያሳዩም ነበር። ጎተትኩዎ እኮ! ሁለት ጊዜ!"

"ብርድ የመታህ መስሎኝ!"

"በካባዎ ልሞቅ?"

ተጯጯሁ። የጎረቤት ሰዎች በር ላይ እስኪሰበሰቡ ተጯጯሁ። ሞቱማ ብሬሉን ሰብስቦ ሊወጣ ሲነሣ ግራዝማች በሩን በከዘራቸው ዘጉ።

"የት ነው?"

"አሥራ አንደኛ ጠበቃ ልፈልግ።"

"ተቀመጥ" አሉ ግራዝማች። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። "ያቺን ሴት 'ግድግዳው አብሮዎት ነበር?' ያልካት... ይህን ከየት አመጣኸው?"

"ከአፌ።"

"ሠላሳ ዓመት ቆሜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።" አስነጠሱ፤ ይህ የምራቸው ነበር። "ተቀመጥ። ነገ የድንበር ክርክር አለን። ስለሱ የምታውቀውን ንገረኝ፤ እሰማለሁ። ግማሹን።"

ሞቱማ ተቀመጠ። ይቅርታ አልተባባሉም።

በሚቀጥለው ሳምንት ግራዝማች ለምሳ እንደወጡ አንድ ሰው በሩን ሳያንኳኳ ገባ። የጠጅ ሽታ፣ የነጠላ ኮሽታ፣ ከዚያ ያ ድምፅ።

"ሽማግሌው የለም?"

"እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ተረፈች። ክንድዎ እንዴት ነው?"

"ያሳክካል። ስማ፣ ጉዳይ አለኝ። ወንድሜ ቦጂያ የእናታችንን ግቢ የኔ ነው እያለኝ ነው። አንተ ትቆምልኛለህ።"

"ፈቃድ የለኝም፣ ተለማማጅ ነኝ። ለዚያውም ባለፈው ሐሙስ ደንበኛዬ ተረትቶብኛል።"

"አይቻለሁ፣ የረታሁት እኔ ነኝ" አለች ተረፈች አግዳሚ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች። "ሽማግሌው ይፈርም፣ አንተ ትናገራለህ። እኔ የሆዴን የምነግረው ሰው ነው የቸገረኝ። ጠጅ ቤት ውስጥ የሆድ ነገር አይወራም።"

ሞቱማ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። "እሺ። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።"

"ወንድሜ እናታችን ከታመመች ወዲህ እዚያ ግቢ እግሩ ረግጦ አያውቅም። አንድ ቀን! አልጠየቃት፣ አላስታመማት፣ አጥሩን አላጠረ። ባለፈው ክረምት ጣራውን ሲከድን እንኳ ቆርቆሮውን የገዛሁት..."

"ማን ነው ጣራውን የከደነው?"

ተረፈች ዝም አለች። ውጭ አንድ ጋሪ አለፈ።

"በሩን ልዝጋው?" አለች።

"ይዝጉት" አለ ሞቱማ፣ "ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።"